ያን ጨዋታ ማን ጨረሰው?

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። በሀገራችን ክረምት፣ ለንደን ላይ ግን በጋ ነበር።

የምሠራው ፓርክ ሮያል በሚባል የለንደን ሰፈር፣ ምግብ የሚያሽግ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እኔ ሳጥን እሞላለሁ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የሞላውን በፎርክሊፍት ያነሣል። ኩባዊ ነው። የሚያንሰኝ በጥቂት ዓመት ቢሆንም «ማማ» ይለኛል። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን። ጠዋት ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ሲያማትብ አይቼ ነው ሰላም ማለት የጀመርኩት።

በሀገሩ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ኳስ ወርዋሪ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከሸንኮራ አገዳ መንደር ለስፖርት ትምህርት ቤት ተመረጠ። ለክፍለ ሀገሩ ቡድን አሥር ዓመት ወረወረ። ከዚያ ሜክሲኮ ሄዶ በደመወዝ ተጫወተ። እዚያ አንድ ቀን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ትከሻው እንቢ አለው። ኳሱን ከእጁ ተቀብለው አስወጡት። ከዚያ በኋላ የፈለገው ቡድን የለም። ትዳር ለንደን አመጣው።

ይህን የነገረኝ በምሳ ሰዓት፣ የእኔን መንደሪን ይዞ ኳስ በሁለት ጣት እንዴት እንደሚጨበጥ እያሳየኝ ነው።

«እናቴ እስከ ዛሬ ስደውልላት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው» አለ።

«ምን?»

«ያን ጨዋታ ማን ጨረሰው? ትለኛለች።»

«አንተስ?»

«ሌላ ሰው፣ እላታለሁ። ስልኩን ትዘጋብኛለች።»

ሳቅን። እሱ ቀድሞኝ አቆመ። መንደሪኑንም መለሰልኝ።

የዚህ ሰው ውለታ አለብኝ። ሆሎዌይ ሰፈር ከገባን ወዲህ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ክፍሏን ዘግታ መዋል ለምዳ ነበር። «ቅዳሜ ከቤታችሁ አጠገብ ወዳለው ፓርክ ላኪያት፣ ልጆች ቤዝቦል አስተምራለሁ» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት «እማ፣ በጊዜ ቀስቅሺኝ» ያለችኝ እሷ ናት። እኔ ቅዳሜ ፈረቃ ስላለኝ ስትጫወት አይቻት አላውቅም። እግዚአብሔር ይስጠው እያልኩ ብቻ ልብሷን አጥብ ነበር።

ፍልሰታ በገባበት ሳምንት የፓርኩ የአዋቂዎች ቡድን የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ሊጫወት ሆነ፤ ወርዋሪያቸው ደግሞ እጁን ታመመ። ኩባዊውን ለመኑት። አርባ ስምንት ዓመቱ ነው።

«እስከ መጨረሻው ከወረወርኩ ለእናቴ እደውላለሁ» አለኝ። «ካስወጡኝ ስልኬን አጠፋለሁ።»

እኔም ለእመቤታችን ተሳልኩ። «ይህን ሰው እስከ መጨረሻው አቁሚልኝ፤ እሑድ ድፎ ዳቦ ይዤ እመጣለሁ» አልኩ። የኳስ ነገር ለእሷ ይነገራል ወይ ብዬ ትንሽ አፍሬ ነበር። እናት ናትና ትረዳኛለች ብዬ ተውኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ለፍልሰታ ፈቃድ ወስጄ ስለነበር ቅዳሜ ዕለት ከልጄ ጋር ፓርኩ ሣር ላይ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ መቺው ሦስቴ ከሳተ ይወጣል» አለችኝ። «ሦስት ሰው ከወጣ ተራው ያልቃል። ሰባት ተራ ነው። ኢዚ!»

ለእሷ ቀላል ነው። እኔ ኳሱን ትቼ ትከሻውን አየሁ። ከመወርወሩ በፊት ያማትባል፣ ይወረውራል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። ከአምስተኛው ተራ በኋላ ትከሻውን ማሸት ጀመረ። የቡድኑ አለቃ እየደጋገመ ያየዋል።

ሰባተኛው ተራ ደረሰ። የኩባዊው ቡድን በሁለት ነጥብ ይመራል። አንዱ መቺ ሳተ፤ ወጣ። ሁለተኛውም ወጣ። ሦስተኛው ግን ኳሱን እንዲህ መታው፤ ጧ! ኳሱ ከዛፎቹ በላይ ሄደ። እንዲህ ያለ ምት ከልጅነቴ የገና ጨዋታ ወዲህ አላየሁም። ሰዉ ሁሉ ተነሣ። እኔም ተነሥቼ በሙሉ ድምፄ «እልልልልል!» አልኩ።

በእኛ በኩል ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ልጄ ቀሚሴን ጎተተች።

«እማ! እማ፣ ፕሊስ! የነሱ ነው!»

«መታው እኮ!»

«እንዳይመቱት እኮ ነው የሚወረውረው!»

መቺው እየሮጠ ኮፍያውን አውልቆ እጅ ነሣኝ። መሬት ብትከፈት በወደድኩ። የቡድኑ አለቃ ደግሞ ኳሱን ሊቀበለው ወደ መሐል እየሄደ ነበር። ያ ሜክሲኮ የሆነው ነገር ዓይኔ እያየ ሊደገም ነው። ግን ኩባዊው ጉልበቱን ይዞ ይስቃል። ወደ እኔ ጠቁሞ አንድ ነገር አለ። አለቃውም ሳቀ፤ ትንሽ ቆመ፤ ጀርባውን መታ አድርጎት ባዶ እጁን ተመለሰ።

ኋላ ስጠይቀው «ማማ ከድታኛለች፤ ሳልመልሳት አልወጣም፣ አልኩት» አለኝ።

ከዚያ ምት በኋላ ልዩነቱ አንድ ነጥብ፣ ሊወጣ የቀረውም አንድ ሰው ነው። እኔ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። አዲሱ መቺ መጀመሪያ ሳተ። ደግሞም ሳተ። ኩባዊው ትከሻውን አሽቶ አማተበና ወረወረ። ዱላው አየር ብቻ መታ።

«አሁን! እማ፣ አሁን ነው!» አለች ልጄ።

አሁንማ ማን ይይዘኛል!

ኩባዊው እዚያው ቆሞ ለእናቱ ደወለ። በስፓኒሽ ጮኸ፣ አለቀሰ፣ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን ሰጠኝ። እሷ ቋንቋዬን አታውቅ፣ እኔ የሷን። ምን ልበላት? እልል አልኩላት። በፍጥነት አንድ ነገር ተናግራ ከት ብላ ሳቀች።

«ምን አለች?» አልኩት።

«ይህን ጨዋታ የጨረሰችው ይቺ ናት ወይ? አለች።»

«ምን አልካት ታዲያ?»

ደረቱን መታ። «እኔ ነኝ! አልኳት።»

በማግስቱ ማለዳ ድፎ ዳቦውን ከምድጃ አወጣሁ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከልጄ ጋር አውቶቡስ ተሳፍረን፣ ቤተ ክርስቲያን አደረስኩ። ከቅዳሴ በኋላ ሲቆረስ አንዲት እናት ስለምን እንደተሳልኩ ጠየቁኝ።

«ስለ አንድ ትከሻ፣ እማማ» አልኳቸው።

የእሱን ድርሻ በፎይል ጠቅልዬ፣ ለሰኞ፣ ወደ ሥራ ቦርሳዬ ከተትኩ።