«አይንኩት» ያልኩበት ቀን

ባለፈው እሑድ ልጄ ቡሬ ያለውን ሳሎናችንን በስልኳ ለካችው። ቤቱን ልናሳድስ ነው። ስልኩን ከጥግ ጥግ ስታዞረው ሶፋውም መስኮቱም ስክሪኑ ላይ ትንሽ ቤት ሆነው ወጡ። «አባዬ፣ እስክጨርስ እንዳይንቀሳቀሱ» አለችኝ። በተቀመጥኩበት ደርቄ ቀረሁ። እኔም አንድ ጊዜ ለአንድ ሽማግሌ እንዲህ ብያለሁ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም አንድ ቢሮ ውስጥ በቅየሳ ሙያ ገና መቀጠሬ ነበር። የአንድ ለአምስት ስብሰባ ከሥራው የሚበዛበት ዘመን ነው። ከአዲስ አበባ ለመንገድ ሥራ የመጣ የሌዘር መለኪያ ለአንድ ቀን ተዋስኩና ከቢሮው ሹፌር ጋር ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ምሰሶዎቿን ምስጥ ስለጨረሳቸው ልትፈርስ ነው። በቦታዋ የሲሚንቶ ይሠራል፤ የአዲሷ ሠዓሊ የድሮዎቹን ሥዕሎች ከእኔ ልኬት ይገለብጣል ተብሏል። ወሩ ግንቦት፣ መንገዱ ጭቃ፣ እኔ ደግሞ ኩራት በኩራት።

አስተዳዳሪው አባ ይትባረክ የድንች ቅቅል ከአዋዜ ጋር አቀረቡልን። በልቼ ሳልጨርስ ወደ መቅደሱ ግድግዳ ጠቆሙኝ። ከእመቤታችን ሥዕል እግር ሥር አንዲት ሴት ተደፍታ ተሥላለች አሉኝ፤ ለሠዓሊው ቀለብ የሰፈሩት የአባ እናት ናቸው።

«ፎቶ የሚባል አልነበራትም። ፊቷን የማገኘው እዚያ ብቻ ነው። ይህ መሣሪያ እሷንም ይይዛታል?»

«ብርሃኑ የነካውን ሁሉ ይይዛል አባ» አልኳቸው። አልዋሸሁም።

ጫማችንን አውልቀን ገባን። መሣሪያውን በሦስት እግሩ አቁሜ አስነሣሁት። ቀስ እያለ እየዞረ ብርሃን ይልካል፤ ብርሃኑ ነክቶ እስኪመለስ ከፈጀው ጊዜ ርቀቱን ያሰላል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ከነቀለማቸው ተሰብስበው ቤቱን ይሆናሉ። ሥዕሉ እንደ ወጉ በመጋረጃ ተሸፍኗል። አባ ሊገልጡት እጃቸውን ዘረጉ። የሚንቀሳቀስ ነገር ልኬቱን ያበላሻል ተብዬ ተምሬያለሁና «አባ፣ አይንኩት፣ እየዞረ ነው» አልኩ። እጃቸውን መለሱ። ሲያበቃ ገልጠን እንደግመዋለን ብዬ ነበር። ዙሩ እንዳለቀ ግን ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ወረደ፣ ሹፌሩ ጭቃው ሳይይዘን ብሎ ጥሩምባውን አበዛው፤ ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። አባ ደግሞ የመሣሪያው ብርሃን ጨርቁን አልፎ ያያል ብለው ኖሯል። እኔ መጋረጃውን ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያኗ ስትፈርስ ማንም ፎቶ አላነሣም፤ መሣሪያው ይዞታል ተባለ። የጭቃው ግድግዳ ከነሥዕሉ አፈር ሆነ። ከዚያ በኋላ አባ እናታቸውን ሊያዩ ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የመጋረጃው እጥፋት አንድ በአንድ ተለክቷል፣ የተጣፈበት ቦታ ሳይቀር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አባ «አሁንስ መግለጥ አይቻልም ልጄ?» አሉኝ።

ምስሉን በኋላው በኩል አዞርኩላቸው። ከመጋረጃው ጀርባ ጥቁር ባዶ ነበር።

«እህ» አሉ። «ይሁን፣ ምን ታደርግ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳ ልጋብዝዎ ብላቸው አልፈልግም ብለው ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ማረፋቸውን ሰማሁ።

«አሁን ይነሱ አባዬ፣ ጨርሻለሁ» አለች ልጄ። ወዲያው አልተነሣሁም። የዚያ ቀን ፋይል ዛሬም አለኝ፤ መሣሪያው ሲዞር ልክ «አይንኩት» ባልኩበት ቅጽበት ስለደረሰባቸው የአባ እጅ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ስንት መንገድ፣ ስንት ሕንፃ ለክቻለሁ፤ ሁሉም ከራሴ ጠፍቷል። በቃሌ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ከጣታቸው ጫፍ እስከ መጋረጃው ሠላሳ ሁለት ሳንቲሜትር።