የረብሻ ኮሚቴው ሰብሳቢ

የማስተርስ ማሟያ ጽሑፌን የሠራሁት ተንሸራታች በሚባለው የቁጥጥር ዘዴ ላይ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ መስመር ታሰምራለህ፣ መለኪያው ከመስመሩ በታች ሲሆን እስከ ጥግ ትከፍታለህ፣ በላይ ሲሆን እስከ ጥግ ትዘጋለህ። መለስተኛ የሚባል ነገር የለም። ይህን በፍጥነት ስትደጋግመው የምትቆጣጠረው ነገር መስመሩን ይዞ ይንሸራተታል፤ ከውጭ የሚመጣ ረብሻም አያስለቅቀውም። ይህንኑ ሰበታ ባለ አንድ የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ የሙቅ ውሃ ታንከር ላይ ገጠምኩት።

እስከዚያ ድረስ እንፋሎቱን በእጃቸው እየከፈቱና እየዘጉ ውሃውን ሰማንያ ዲግሪ ላይ የሚያቆዩት አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁላችንም ኦቦ እንላቸዋለን። የእኔ ዕቃ የሦስት ቀን ፈተና ካለፈ ወደ በር ጥበቃ ይዛወራሉ ተብሏል። ጉልበታቸው ብርድ አይችልም። ይህን አውቃለሁ፤ ግን ዕቃዬንም እወደው ነበር።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ስብሰባ ላይ «ምንም ዓይነት ረብሻ አይበግረውም» አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት ረብሻው በሥርዓት እንዲካሄድ አዘዘ። የረብሻ ኮሚቴ ተቋቋመ። ታንከሩን እንደሳቸው የሚያውቅ የለም ተብሎ ኦቦ በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ ሆኑ። ከጥራት ክፍል አንዲት ልጅ ጸሐፊ፣ ከወላይታ የመጣ አንድ የማቅለሚያ ሠራተኛ ደግሞ አባል። አባሉ ሳይጸልይ አይረብሽም። ዓይኑን ጨፍኖ ይቆይና «አሜን» ብሎ አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ታንከሩ ውስጥ ይገለብጣል። ጸሐፊዋ ትመዘግባለች፦ «ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ረብሻ ቁጥር ሰባት፣ ውጤት የለም።» የሙቀት መለኪያው መርፌ ንቅንቅ አላለችም። እኔም ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ሰብሳቢው ግን አንድም ረብሻ አላቀረቡም። ጀሪካን ላይ ተቀምጠው እንፋሎቱን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ ያዳምጣሉ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሩኝ።

«ስማ ልጄ፣ ይሄ ቫልቭ ቀኑን ሙሉ ሲንገጫገጭ ነው የሚውለው። ነገ ምሳ ሰዓት አይደርስም፣ ይሰበራል።»

«ኦቦ፣ ታዲያ ዝም ቢሉ አይሻልዎትም ነበር? ቦታዎ ላይ ይቆያሉ እኮ።»

«ሲሰበር እንፋሎቱ በዚህ በኩል ነው የሚወጣው። ያ ልጅ ባልዲውን ይዞ የሚቆመው እዚሁ ነው።» እጃቸውን በዝግታ እያዞሩ አሳዩኝ፤ «ሱታ በለው፣ ቀስ። እኔ መስመሩ ጋ ስደርስ እጄን አላላለሁ።»

ላፕቶፔን ከፈትኩና ከመስመሩ በላይና በታች ጠባብ ቦታ ተውኩለት፤ መለኪያው እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ ቫልቩ በጥቂቱ ብቻ ይከፈታል፣ በጥቂቱ ይዘጋል። መንገጫገጩ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን ዕቃዬ ፈተናውን አለፈ፤ ኮሚቴውም ሥራውን አጠናቆ ተመሰገነ። ቃለ ጉባኤው ተነበበልን፦ «ሰብሳቢው በቆይታቸው ምንም ዓይነት ረብሻ ባለማቅረባቸው፣ ለበር ጥበቃ ብቁ ሆነው ተገኝተዋል።»

ኦቦ መነጽራቸውን አድርገው ፈረሙ። ወረቀቱ ወደ እኔ ዞረ። አፍሬ ነበር፤ ግን ፈረምኩ።