እማማ ፀዳለን ባሕር ላሳይ ሄጄ

ባለፈው ቅዳሜ ውሃ ውስጥ እግሬ መሬት ሲያጣ... መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ምነው ያንን ውሸት ባልዋሸሁ» የሚል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማማ ፀዳለ እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ፣ አፓርትመንታችን ውስጥ ከእኔ በር ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። አዛውንት ከሚንከባከቡበት ነርሲንግ ሆም ሲመለሱ እኔን ሳያበሉ አይተኙም። እኔ ደግሞ ውለታቸውን የምመልሰው እያላገጥኩባቸው ነው። አንድ ቀን ስልካቸው ላይ የካሊፎርኒያን ባሕር ሲያዩ አገኘኋቸው።

«ሳልሞት አንድ ቀን ባሕር ባየሁ» አሉ።

የኔ አፍ መቼ ያርፋል...

«ምን ካሊፎርኒያ ያስኬድዎታል እማማ? እዚሁ መናፈሻው፣ ስቴት ፓርኩ ውስጥ አለ አይደል እንዴ። በመኪና ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ባሕር?»

«ባሕር ነዋ። አሸዋ አለው፣ ማዕበል አለው...»

«ጨውስ?»

«ሽሮ ይሠሩበታል እኮ።»

ኮሎራዶ ባሕር የላትም። ያለው ግድብ ነው። እሳቸው ግን የደሴ ሰው ናቸው፣ በምን ያውቃሉ ብዬ... ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እሺ፣ ቅዳሜ ውሰደኝ» አሉ።

ሳምንቱን ሙሉ ፕላን ስናደርግ ከረምን። የሚነዳው ጓደኛዬ ሄኖክ ሆነ። እኔ አየር የሚሞላ ፍራሽ ገዛሁ። እሳቸው ለሦስት ሰው ብለው ሠርግ የሚያበላ ምግብ ቋጠሩ። ሄኖክን «ትስቅና በእግርህ ነው የምትመለሳት» ብዬ አስጠነቀቅኩት... መኪናው የሱ መሆኑን ረስቼ።

ደርሰን ፓርክ አደረግን። እማማ ፀዳለ ጫማቸውን አውልቀው ውሃው ጫፍ ላይ ቆሙ። ጣታቸውን ነከር አደረጉና ቀመሱት።

«ጨው ረስተውበታል» አሉ።

ሄኖክ ፊቱን አዙሮ ሳቁን በሳል ደበቀ።

«ትናንት ዘንቦ እኮ ነው እማማ፣ ቀጥኖ ነው።»

«ይሆናላ» ብለው ተቀመጡ።

እኔ ተሳካልኝ ብዬ ፍራሼ ላይ ተንጋልዬ እንደ ባለሀብት መንሳፈፍ ጀመርኩ። ዋና አልችልም... ፍራሹ ግን ይችላል።

ነፋሱ መቼ እንደተነሳ አላውቅም። ቀና ስል ሄኖክ ዳር ላይ ጥፍር አክሏል። ደንግጬ ልነሳ ስል ፍራሹ ተገለበጠ። ቅዝቃዜው... እግሬን ብዘረጋ መሬት የለም። ጮህኩ። ሄኖክ አምቡላንስ የመጣ መስሎት እንደነበር አሁን ድረስ ያወራል። እሱም ዋና ስለማይችል ዳር ለዳር እየሮጠ «ሄልፕ» ይላል።

ሰምጬ ወጣሁ። ደግሞ ሰመጥኩ። አለቀልኝ ስል ከኋላዬ ካናቴራዬን የሆነ ሰው ጨመደደው።

«አትያዘኝ። በጀርባህ ተኛና ሰማዩን እይ።»

እማማ ፀዳለ ናቸው... ቀሚሳቸውን እንደለበሱ።

እንደ ሻንጣ እየጎተቱ አወጡኝ። አሸዋው ላይ ተደፍቼ የግድቡን እኩሌታ ስተፋ ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ፣

«ጠጣኸው አይደል? ጨው አለው?» አሉኝ።

«የለውም እማማ።»

«ጎሽ።»

ጥርሴ እየተንገጫገጨ «የደሴ ሰው አይደሉም እንዴ?» አልኳቸው።

«ደሴ ተወልጄ አሰብ ነው ያደግኩት። አባቴ ወደቡ ላይ ይሠራ ነበር። እኛን ከባሕር የሚያወጣን በዱላ ነው። መቼ ጠየቅከኝ?»

«ታዲያ ውሸቴን መሆኑን እያወቁ ለምን መጡ?»

ፎጣውን ትከሻዬ ላይ እያስተካከሉ «ሊያዝናናኝ ፈልጎ በቀጥታ መናገር አፍሮ ነው ብዬ ነዋ» አሉ።

ፎጣውን እስከ ዓይኔ ሳብኩት።

አሁን የምር ፕላን እያደረግኩ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ያለ ስቴት ፓርክ፤ ጠዋት በአውሮፕላን ሄደን ማታ መመለስ። እማማ ፀዳለ ተስማምተዋል። አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ፦ «የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬትህን ከኦሮራ ለብሰህ ነው የምትነሳው።»

ገዝቻለሁ። ብርቱካናማ ነው... ያምርብኛል። ዕድሜ ለእማማ ፀዳለ፣ የሚያምርበት ሰው ተርፏል።