አባቴን ከቤተሰቤ የሰረዝሁበት ፎርም

ከዘጌ የወጣሁት ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። ጉዞዬ ለሌሊት ታስቦ ነበር፤ አባቴ ግን «ምን ሰርቀህ ነው በሌሊት የምትወጣው?» ብለው ከለከሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ያስተማሩ መሪጌታ ናቸው፤ አንዴ ከተናገሩ አይመለሱም። እናቴና ሁለቱ እህቶቼ እያለቀሱ፣ ዲያቆኑ ታናሽ ወንድሜ ሻንጣዬን እያቀበለኝ፣ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጀልባው ተነሣ። ባሕር ዳር እስክደርስ ዞሬ አላየሁም፤ ብዞር ኖሮ እመለስ ነበር።

አሁን ያለሁት ካናዳ፣ ኤድመንተን ነው። እዚህ ክረምት ሲገባ ሐይቁ ድንጋይ ይሆንና ሰው ጫማውን አድርጎ ይሄድበታል ብላችሁ አታምኑኝም። የምሠራው ከከተማው ውጭ ባለ ዳቦ ፋብሪካ ነው፤ አውቶቡስ አይደርስም። መኪና የሌለው ሥራም የለውም፤ ስለዚህ አንድ አሮጌ መኪና ገዛሁ። መኪና ደግሞ ያለ ኢንሹራንስ አይነዳም።

የኢንሹራንስ ሰዎች ትሕትናቸው ለጉድ ነው። እያንገላቱህ እንኳ «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» ይሉሃል። ገና ስመዘገብ አንዲት ሴትዮ በስልክ፣ አስተርጓሚ አስገብታ ጠየቀችኝ።

«በቤተሰብዎ ውስጥ ዕድሜው ከአሥራ ስድስት በላይ የሆነ ማን ማን አለ?» አለኝ አስተርጓሚው።

ቤተሰብ ሲሉኝ ምን ልበል? የአባቴን፣ የእናቴን፣ የእህቶቼንና የወንድሜን ስም ከነአያታቸው አስመዘገብሁ። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ የሰው ቤተሰብ የሚጠይቅ አገር አገኘሁ ብዬ። እንደኔ ያለ ሞኝ የለም!

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ፤ የአምስቱንም መንጃ ፈቃድ ላክ ይላል። ደወልሁ። ያቺው ሴትዮ፣ ያው አስተርጓሚ።

«አባትዎ ስንት ዓመት ነድተዋል?»

«አባቴ የሚያውቁት ታንኳ መቅዘፍ ነው።»

በእንግሊዝኛ ተነጋገሩና አስተርጓሚው ተመለሰ። «በታንኳው አደጋ አድርሰው ያውቃሉ ወይ ትላለች።»

«አንዴ ከጉማሬ ጋር ተጋጭተዋል» አልሁ በንዴት። መዘገበችው መሰለኝ፤ ኪቦርዱ ሲንኳኳ ተሰማኝ።

ለካ የፈለጉት አብሮኝ የሚያድርና የመኪናዬን ቁልፍ ሊያነሣ የሚችል ሰው ኖሯል። «ታዲያ እንዲያ አትለኝም ነበር?» ብዬ አስተርጓሚውን ብቆጣው፣ «እሷ ያለችው ሃውስሆልድ ነው፤ ሃውስሆልድ ማለት ያው ቤተሰብ ነው» አለኝ። ይህን ለማለት ነው እንግዲህ የተቀጠረው።

መፍትሔ አለው ተባልሁና ፎርም ተላከልኝ። አስተርጓሚው አነበበልኝ፦ «ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሰዎች የቤተሰቤ አባላት አይደሉም፤ ወደፊት ከሆኑ ወዲያውኑ አሳውቃለሁ።» እስከ ዓርብ ካልፈረምሁ ውሉ ይሰረዛል፤ መኪናዬ ይቆማል፤ ሥራዬም ይቀራል።

«አባቴ ወደፊት መቼ ነው አባቴ የሚሆኑት?» አልሁት።

«እኔ እተረጉማለሁ እንጂ አልመልስም» አለኝ።

ሐሙስ ፈረምሁ። የፈረንጅ ወረቀት ነው፣ ከአባቴ አይለየኝም እያልሁ ራሴን ብሸነግልም አፈርሁ።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ ለአባቴ ደወልሁ። እንደ ቀልድ አድርጌ ነገርኋቸው። በጉማሬው ከልባቸው ሳቁ፤ ከዚያ ጥያቄ ጀመሩ።

«የትኛውን ስሜን ሰጠኻቸው? የክርስትናዬን እንዳይሆን!»

«ኧረ የዓለሙን ነው፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ይሰርዙት። እናትህንም ሰረዝኻት?»

«አዎ።»

«እህቶችህን? ዲያቆኑንስ?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ ወረቀቱ ላይ ማን ቀረ?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

የኢንሹራንሱን ወረቀት አነሣሁና ከላይ እስከ ታች አየሁት።

«ሌላስ፣ ልጄ?» አሉ ጮክ ብለው፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው።