ቂጠ ቀዳዳዋ ቅርጫት

ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ቀና ብሎ የሚያየውን ስቀባ ኖሬ፣ በስተርጅና ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚያየውን እንድስል ተጠየቅሁ። በኢንጅባራ የሱቁ፣ የሻይ ቤቱ፣ የሥጋ ቤቱና የልብስ ሰፊው ጽሑፍ አብዛኛው የእኔ እጅ ነበር። በሬ ስስል በሬ ይመስላል። መቀስ ስስልም በሬ ይመስላል። ቢሆንም ሌላ ሰዓሊ ስላልነበረ ታዋቂ ነበርኩ። ኋላ ከባሕር ዳር በማሽን የታተመ ባነር እየተጠቀለለ ይመጣ ጀመር፣ እኔም ብሩሼን በነጭ ጋዝ አጥቤ ሰቀልኩ። ለሚጠይቀኝ ጡረታ ወጣሁ እላለሁ እንጂ ያወጣኝ ላስቲክ ነው።

የወንድሜ ልጅ እዚያው ከተማችን ኮምፒውተር ታስተምራለች። ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ቀን መጣችና፣ "ጋሼ፣ ሥራ አምጥቼልዎታለሁ" አለችኝ።

"ደመወዝ አለው?"

"የለውም።"

"እንግዲያው ሥራ አይደለም፣ ደቦ ነው።"

"አዎ፣ ደቦ ነው" አለች፤ እኔ ለመቀለድ ያልኩትን እሷ የምር አደረገችው። ነገሩ እንዲህ ነበር። ኮምፒውተር የሚነዳበት አንድ ነፃ ሥርዓት አለ፤ ባለቤት የለውም፣ የዓለም ሰው በኢንተርኔት ተሰባስቦ ይሠራዋል። ሆዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ያወቀ ገብቶ ያርማል፣ ያላወቀ አስተያየት ይሰጣል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበዛ በኋላ ገባኝ።

እሷና አዲስ አበባ ያሉ ጥቂት ጓደኞቿ ሦስት ዓመት ለፍተው ቃላቱን ሁሉ አማርኛ አድርገዋል። ሥዕሎቹ ግን የባዕድ ናቸው። ስክሪኑ ሲበራ የሚደረደሩትን ትናንሽ ሥዕሎች ነው የምትለው፤ አይኮን ይሏቸዋል። ዳንግላ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት አንዲት ኮምፒውተር አለችው። የተጫነባት ሥርዓት ከሰው ከሰው የተገለበጠ ስለሆነ ቫይረስ በየሳምንቱ ይጥላታል። ኃላፊው ተማርሮ ለልጅቷ አንድ ወር ሰጣት፦ አዲሱ ይጫን፣ ጸሐፊዋ ከተስማማት ይቆያል፣ ካልተስማማት ይነቀላል።

"የሦስት ዓመት ልፋቴ በአንዲት ሴትዮ ጣት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጋሼ። እዚያ ካልሆነ ሌላው መሥሪያ ቤት አያስጠጋኝም" አለችኝ። ይህን ስትል አልሳቀችም። እኔም እሺ አልኩ፤ ከመሳቄ በፊት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ደሜ መፍላት የጀመረው። ሥዕሉ አሥራ ስድስት ካሬ በአሥራ ስድስት ካሬ ነው አለችኝ። የሒሳብ ደብተር ገዛሁ፣ ቆጠርኩ፣ አሰመርኩ። በዚያ ውስጥ እንኳን በሬ ቀንዱም አይገባ። እንደምንም አንዱን ስጨርስ፣ "አሁን ደግሞ በሠላሳ ሁለት፣ በአርባ ስምንት፣ ከዚያም በትልቁ ይሣላል" አለች። አንዱ ሥዕል አራት ጊዜ። የሥጋ ቤቱ ባለቤት አንድ በሬ አስቀብቶኝ አራት ጥጃ ቢጠይቀኝ ኖሮ ብሩሹን አፉ ላይ እለቀልቅለት ነበር። ቀለሙም ግራጫ ይሁን ተባለ። ለምን ስል፣ ዓይን አይረብሽም አሉ። ዓይን እንዲረብሽ አርባ ዓመት የተከፈለኝን ሰው።

የመጣያው ሥዕል ላይ ስደርስ ነው ሰይጣን የገባብኝ። የፈረንጆቹ ከሽቦ የተሠራ ግራጫ ነገር ነው።

"ይሄ የዶሮ ቤት ምን ያደርጋል?" አልኳት።

"የዶሮ ቤት አይደለም፣ የማይፈለግ የሚጣልበት ቅርጫት ነው። ስሙንም ቅርጫት ብለነዋል።"

"ቅርጫትማ ከሆነ እኔ አሳያቸዋለሁ።"

ኢንጅባራ የቀርከሃ አገር ነው። ገበያ ወርጄ ሦስት ጠዋት ከአንድ ቅርጫት ሠሪ ፊት ተቀምጬ ሣልኩ። ሰውየው ደብተሬን አገላብጦ አየና ለጎረቤቱ በአዊኛ አንድ ነገር አለው፤ ሁለቱም ሳቁ። ልጅቷ በእናቷ የአገው ልጅ ናት፤ ያን ጠዋት አብራኝ ስለነበረች ምን እንዳለ ጠየቅኋት።

"'ይቺን የሠራ ሰው ቀርከሃ አይቶ ያውቃል፣ ነክቶ ግን አያውቅም' ነው ያሉት።"

ተናደድኩ። ጥልፉን ከሥር አፍርሼ እንደገና አነሳሁት፤ አንዱ ስንጥር ከላይ፣ ሌላው ከሥር፣ ጆሮዋን ወርቃማ፣ ከንፈሯን ቀላ ያለ። ሳበቃ እንዲያ ያለ ቅርጫት ገበያውም ላይ አልነበረም። ልጅቷ፣ "ጋሼ፣ ለቆሻሻ በጣም አላማረችም?" ብላ ነበር። እኔ ግን የምሰማበት ጆሮ ሁሉ ቅርጫቷ ላይ ገብቶ አልቋል።

ሥርዓቱ ዳንግላ በተጫነ በአሥራ አንደኛው ቀን ልጅቷ ደወለችልኝ። ድምፅዋ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር። ጸሐፊዋ የጨረሰችውን ደብዳቤ ሁሉ እየጎተተች ቅርጫቷ ውስጥ ስታስቀምጥ ሰንብታለች። ዛሬ አንዱን ልትፈልግ ብትከፍታት ከላይ "ቅርጫቱን አራግፍ" የሚል አየች። አዲስ አበባ ያሉት ተርጓሚዎች አቧራ የሚራገፍበትን ማራገፍ ነው ያሰቡት። ዳንግላ ግን የጋሪ አገር ነው፤ እዚያ የሚራገፍ ጭነት ነው፣ ጭነት የሚራገፈውም በደኅና ቤቱ ሲደርስ ነው። ነካችው። ማሽኑም አስጠነቀቃት፦ "ይህ አይመለስም። እርግጠኛ ነዎት?" የተራገፈ ጭነት ደግሞ ለምን ይመለሳል ብላ አዎ አለችው።

የአሥር ቀን ሥራ ጠፋ። የተላከው ደብዳቤ ግልባጩ የወረቀት ፋይል ውስጥ አለ፤ ያልተላኩት አሥራ አንድ ደብዳቤዎች ግን ከኃላፊው የእጅ ረቂቅ እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። እሷም፣ "ወሩን አልጠብቅም፣ ነገ ይነቀልልኝ" ብላለች።

በማግስቱ በሚኒባስ ዳንግላ ወረድኩ፣ ከመናኸሪያው በጋሪ። ዝናቡ ከኢንጅባራ ተከትሎኝ መጥቷል። ጸሐፊዋ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታስቀምጥ ሴት ናት። በዕድሜ ታናሼ ብትሆንም አጥፊ ስለነበርኩ አንቱ አልኳት።

"እርስዎ ነዎት ያቺን ቅርጫት የሣሏት?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ።"

"እጅዎ ይባረክ። ጉድ ሠሩኝ።"

"ረቂቁን ላንብብልዎና እርስዎ ይምቱት። እስኪያልቅ ድረስ አልሄድም።"

አየችኝና ወንበር በእግሯ ገፋችልኝ። የኃላፊው ጽሑፍ ዶሮ የጫረችው ነው፤ "በአስቸኳይ" የሚለውን "በአስቂኝ" ብዬ አነበብኩላት፤ እሷም መታችው፣ አየችው፣ ሰረዘችው። በሁለተኛው ደብዳቤ ላይ ደፈር ብዬ፣ "መጣያ መሆኗ እኮ መመሪያው ላይ ተጽፏል" አልኩ።

"መመሪያ ማን ያነባል? ቅርጫት ብላችሁ ጻፋችሁ፣ ቅርጫት ሣላችሁ። እኔ ቅርጫት አላውቅም? እናቴ ገበያ ስትወርድ እንቁላሏን የምትይዘው በምን ይመስልዎታል? ልትጥለው ነው?"

"ታዲያ እናንተ ቤት ቆሻሻ በምን ይጣላል?"

"በምንም። ጥራጊው ጓሮ ይደፋል፣ ጎመኑ ይበላዋል። ቆሻሻ ማስቀመጫ የሚገዛ ፈረንጅ ነው።"

"ጉድጓድ ልሣልልዎ?"

"ጉድጓድማ እህል ይቀበርበታል።"

"እሳትስ?"

"ኃላፊው ሲያየው ቢሮው ተቃጠለ ብሎ ውኃ ያፈስብኛል።"

"ጅብ ቢሆንስ?"

"ከጅብ ጋር አልውልም።" ጣቶቿ አላረፉም። "ይቀጥሉ፣ 'ይሁን እንጂ' ላይ ነን።"

ሁለት ቀን ተመላለስኩ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት የመጨረሻውን ደብዳቤ ጨርሳ መነጽሯን አወለቀች።

"እርስዎ ሰውዬ፣ ያችኑ ቅርጫት ቂጧን ይቅደዷት። ቂጠ ቀዳዳ ቅርጫት ውስጥ ጤነኛ ሰው ዕቃ አያኖርም። 'አራግፍ' የሚለውንም 'ድፋ' በሉት። ጥራጊ ይደፋል እንጂ አይራገፍም። እስከ ወሩ መጨረሻ አያለሁ። ደግሞ አንድ ደብዳቤ ቢጠፋ ግን እኔው ራሴ እነቅለዋለሁ።"

ቤቴ ገብቼ ያን ሁሉ ጥልፍ በላጲስ ቀደድኩ። አርባ ዓመት ቀለም ስቀባ ሆን ብዬ ያበላሸሁት ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ሳላውቅ ያበላሸሁትን ተዉት። ልጅቷ ሥዕሉን ካሬ በካሬ ኮምፒውተር ላይ ገልብጣ ወደ ደቦው የጋራ ማከማቻ ላከችው፤ ማሽኑ ሁሉ ሥዕል የሚወስደው ከዚያ ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ የማናውቀው የባሕር ማዶ ሰው ደብዳቤ ጻፈልን። ልጅቷ ተረጎመችልኝ፦ "ቅርጫትዎ እጅግ ውብ ናት። ከሥሯ ጥቂት ነጥቦች ጎድለው ስላገኘሁ ሞልቼልዎታለሁ።"

የሰው ደግነት እንዲያ አናዶኝ አያውቅም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት ነው። የተጠገነችውን ሳያት፣ ቂጧ ሙሉ፣ ጥልፏ ድርድር ብሎ፣ ልቤ ቀለጠ። ሰውየው ስንጥሩን አንድ ከላይ አንድ ከሥር አድርጎ እንደ ቅርጫት ሠሪው ነው የገጠመው። ልጅቷ፣ "እንደገና ይቅደዱልኝ፣ ዛሬውኑ ልላከው" ስትለኝ፣ ዓይኔን አሞኛል አልኳት። ሁለት ቀን ዓይኔን አመመኝ። በሁለተኛው ቀን የዳንግላዋ ማሽን ኔትወርክ አግኝታ የተጠገነችውን ቅርጫት ወሰደች፤ ጸሐፊዋም ለልጅቷ ደወለች።

"ቅርጫቷ ድናለች" አለች። "ማን ነው ያዳናት?"

ልጅቷ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። "ዓይንዎ እንዴት ነው፣ ጋሼ?" አለችኝ። ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው። ያንኑ ሰዓት ቀደድኳት።

እኛ ላክን፤ ሌላ ደግ ሰው ከሌላ አገር ጠገናት። ልጅቷ ሆን ተብሎ ነው ብላ ጻፈች። ያኔ ክርክሩ ተነሳ። አንዱ ቀዳዳው ያስፈልጋል የሚል ጥናት አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ጥናቷ ዳንግላ ተቀምጣ ደብዳቤ ትመታለች በይው" አልኳት። ለስለስ አድርጋ ጻፈችለት። ሌላው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ለሚያነቡ ሕዝቦች ቀዳዳው ወደየት ይዙር አለ። ሦስተኛው ቅርጫቷን ግራጫ ብናደርጋት ብሎ አስተያየት ሰጠ። በደቦ የሚታጨድ እርሻ ላይ አጫጁ ሁሉ ማጭዱን ጥሎ ስለ ማጭድ እጀታ ሲከራከር አስቡት። ወሩ ግን እየነጎደ ነበር፤ የቀረን ስድስት ቀን ብቻ ነው።

መፍትሔው የመጣው ከንዴት ነው። በትልቁ ሥዕል ቀዳዳው ያስታውቃል፤ በትንሹ ግን ስህተት ይመስላል፣ ለዚያ ነው እያዘኑ የሚሞሉት። "እንግዲያው የሚወድቀውን ይዩት" ብዬ ከቂጧ በታች አንዲት ነጭ ካሬ ጨመርኩ፦ ተቀድዶ የወጣ ወረቀት፣ አየር ላይ። በትልቁ ደግሞ ቀዳዳውን ድመት እስክታልፍበት አሰፋሁት። ልጅቷም የሥዕሉን ስም "ሆን ተብሎ የተቀደደ" አለችው። ከዚያ በኋላ የጠገናት የለም። ባለ ግራጫው ብቻ ሐሳቡን ደገመ።

ወሩ የሞላ ዕለት ሁለታችንም ዳንግላ ሄድን። ልጅቷ ሥርዓቱን መንቀያውን ዲስክ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች። ኃላፊው ከክፍሉ ወጥቶ ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመ።

"እህ፣ ምን ይሁን? ይነቀል ወይስ ይቆይ?"

ጸሐፊዋ የጀመረችውን መስመር ጨረሰች። ነጥቡን መታች። ከዚያ አንድ የተበላሸ ደብዳቤ ጎትታ ቅርጫቷ ላይ ጣለችና "ድፋ" የሚለውን ነካች፤ እጇ አላመነታም።

"ይቆይ" አለች። "አማርኛው አማርኛ ነው፤ ቫይረሱም አልመጣም። ግን አንድ ነገር ይጻፍልኝ።"

"ምን ይጻፍ?"

"እኚህ ሽማግሌ ሁለተኛ እንዳይነኩት።"

ኃላፊው ሳቀ። ልጅቷ ሳቀችና ያኔ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ግማሽ ነበር። በጸሐፊዋ ትከሻ ላይ አጎንብሼ ስክሪኑን ሳየው፣ በግራ በኩል ያለው የቅርጫቷ ጆሮ ከቀኙ አንድ ካሬ ዝቅ ብሏል። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ጸሐፊዋ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ፤ እጄን ኪሴ ከተትኩ።