ጉንጯ ያበጠችው ዓሣ

ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሬ ሳለሁ ዓሦች ልጆቻቸውን ስለሚያሳድጉበት መንገድ የሠራሁትን ጥናት አለቃዬ በራሱ ስም መጽሐፍ አድርጎ አሳትሞ ሹመት አገኘበት፤ እኔ "ለምን?" ብል ዕቃ ግምጃ ቤት ተመደብኩ። ቂሜን ይዤ ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር ባለችው ጠባብ ቤቴ ሲክሊድ የሚባሉ የማላዊ ሐይቅ ዓሦች ማርባት ጀመርኩ። አንድ ፈረንጅ አብዮቱ ሲመጣ አገር ሲለቅ ከነመስታወት ገንዳቸው የተወልኝ ናቸው። በከተማው ብርቅ ስለነበሩ ዋጋቸው እኔ የጠራሁት ነበር።

አንድ እሑድ ያው አለቃዬ ከሚስቱ ጋር ደጄ ላይ ቆመ። ለሳሎናቸው ጥንድ ዓሣ ፈልገው ነው። እኔን ሲያይ ፈገግ አለ፤ ያደረገኝን የረሳሁት መስሎታል።

"ጓድ፣ ወንዱስ ያምራል" አለ ገንዳውን እየዞረ። "ሴቷ ግን ጉንጯ አብጧል፤ ምግብም አትቀምስም። በሽተኛ ናት፣ በግማሽ ዋጋ አድርጋት።"

ሴቷን በሻይ ማጥለያ አንስቼ ባልዲ ውስጥ ስጨምራት ደንግጣ አፏን ከፈተች። ዓይን ብቻ የሚመስሉ ልጆቿ ከአፏ እየተፈተለኩ ባልዲውን ሞሉት። ሳምንታት ሙሉ ተርባ፣ አፏ ውስጥ ይዛ ያሳደገቻቸው ናቸው። እንደሷ ያለ እናት አይቼ አላውቅም።

"በስመ አብ! ምን ጉድ ነው?" አለች ሚስቱ።

አለቃዬም እንደ ሚስቱ ባልዲው ላይ አፍጥጧል።

"ምነው እትዬ" አልኳት፣ "ዓሣ ልጆቿን በአፏ እንደምታሳድግ መጽሐፍ የጻፉት እሳቸው አይደሉም እንዴ? ይጠይቋቸው እንጂ።"