ሰው የሌለበት ወንዝ ዳር

ሚስቴ ጀውሃራ፣ የደሴ ልጅ፣ ነፍስ ያለው ነገር አትስልም። ሰው አትስልም፣ ወፍ አትስልም፣ የጎረቤት ድመት እንኳ አትስልም። «የቂያማ ቀን ‹በይ እንግዲህ ነፍስ ዝሪበት› ብባል ምን እመልሳለሁ?» ትላለች። ስለዚህ በ1996 ከአገር ወጥተን በምንኖርበት ሰፈር፣ ሲዋርድ ውስጥ የመልክዓ ምድር ሥዕል ትምህርት መከፈቱን ስትሰማ ለእሷ ተብሎ የተከፈተ ነው የመሰላት።

መምህሩ የጥንቶቹ ነጭ ሰፋሪዎች የሳሏቸውን ሥዕሎች እያሳየ ነበር የሚያስተምረው። ሰፊ ሜዳ፣ ወንዝ፣ ሰማይ፤ ዝር የሚል ሰው የለም። ጀውሃራም በዚያው መንገድ ከሰፈራችን ጎን የሚያልፈውን የሚሲሲፒ ወንዝ ሳለች። እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ፣ ስለ ሥዕል የማውቀው ነገር የለም፤ ግን ያንን ውሃ ሳይ እጄን ልነክርበት ቃጣኝ። የሰፈሩ ላይብረሪ ሊሰቅልላት ቀን ቆረጠ። አገር ምድሩን ጠራሁ።

ከዚያ ቬርና ቤታችን መጣች። ሆስፒታል፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከጀውሃራ ጋር ነው የምትሠራው። ዳኮታ ናት፤ ነጮቹ ሳይመጡ በፊት እዚህ ይኖሩ ከነበሩት ሰዎች ወገን። ሥዕሉን ቆማ ስታይ ቆየችና «ያምራል» አለች። «እኛስ የት ሄድን?»

ቬርና ጣቷን ወደ ወንዙ ዳር ቀሰረች።

«የእናቴ አያት እዚህ ወንዝ ዳር ነው የተወለደችው። ሠዓሊዎቹ ባዶ አድርገው ሳሉት፤ ሌሎቹ ደግሞ ባዶ ነው ብለው ወሰዱት።»

እኔ ደሜ ፈላ። ጀውሃራ የማንን መሬት ወሰደች? ቬርና እንደወጣች ይህንኑ ብናገር ጀውሃራ ገላመጠችኝ።

«ተወኝ አብዱ። እንዲህ እንዳለ ዲስፕሌይ ካደረግኩት ዋሽቻለሁ። ሰው ልሳልበት ብል ደግሞ ከአላህ ጋር መጣላቴ ነው። ካንስል አደርገዋለሁ።»

ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ! ተኮራረፍን። አንድ ቀን ግን ከሥራ ስገባ ሥዕሉ ላይ አጎንብሳ አገኘኋት። ቬርና አጠገቧ ተቀምጣ የአያቶቿን ቤት ቅርጽና በቆሎ የሚሰጣበትን ቦታ በእጇ እያሳየች ታስረዳታለች። ምሳዬን ራሴ አሙቄ በላሁ፤ ኩርፊያውም በዚያው ቀረ።

ቀኑ ደርሶ ላይብረሪው በሰው ሞላ። ቬርና በከዘራ የሚሄዱትን እናቷን ይዛ መጣች። ሥዕሉ ላይ አሁንም አንድም ሰው የለም። ግን ዳር ላይ ውሃው ገና ያልደረቀ ታንኳ ተጎትቶ ወጥቷል፤ ከታንኳው የሚነሣ የእግር መንገድ በዛፍ ቅርፊት ወደተሸፈነ ቤት ይወስዳል። ከጣሪያው ጭስ ይወጣል። በሩ ገርበብ ብሏል።

አሮጊቷ ተጠግተው በቋንቋቸው ጮክ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ማናችንም አልገባንም።

ቬርና ዓይኗን እየጠረገች «ውስጥ ያሉትን እየጠሩ ነው» አለችን።

ለካ የእኛው «ቤቶች!» ነው! እኛም እኮ የሰው ደጅ ስንደርስ እንዲሁ ነው የምንለው።

ጀውሃራ ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ በአማርኛ መለሰችላቸው።

«ይግቡ እማማ፣ ይግቡ።»